ያገለገለ ምጣድ ልትገዙ ነው? ክዳኑን ሳይሆን ሽቦውን ግዙ

ድሬ ላይ ቤት ተከራይቶ ኑሮ የሚጀምር ወጣት መጀመሪያ ፍራሽ ይገዛል፣ ቀጥሎ ቬንቲሌተር (አቦ ሙቀቱ ነው፣ ቅንጦት አይደለም)፣ ከዚያ የማብሰያ ጉዳይ ይመጣል። እንጀራ በየቀኑ ከሱቅ እየገዙ መኖር ደሞዝ ሳይወጣ ኪስ ያራቁታል። የአዲስ ኤሌክትሪክ ምጣድ ዋጋ ሲጠየቅ ደግሞ ሰው ዝም ብሎ ይመለሳል። ስለዚህ ዓይን ወደ ያገለገለ ምጣድ ይዞራል።

ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። እንዲያውም ያገለገለ ምጣድ ከአዲሱ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለው፤ ተሟሽቷል። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ታሽቶ ታሽቶ፣ የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ተቀዳደው ነው እሺ የሚለው። ጥሩ እጅ ላይ የቆየ ምጣድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንጀራውን ይለቃል።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ምጣድ የሚሞተው በሁለት ነገር ነው፤ ከሥር በተቀበረው ሽቦ እና በራሱ በሸክላው። የሚያብለጨልጨው ክዳን፣ ቀለም የተቀባው ቆርቆሮ፣ እግሩ፣ እነዚህ ቶሎ አይሞቱም። ሻጭ ደግሞ ወልውሎ የሚያሳየን የማይሞተውን ነው።

ይህ የእኛ ሰፈር ነገር ብቻ አይደለም። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ቤታቸውን በእንጨት የሚያሞቁ ሰዎች ካታሊቲክ የሚባል ምድጃ አላቸው። (ድሬ ላይ ቤት የሚያሞቅ ምድጃ ቢመጣ ማን እንደሚገዛው እንጃ!) ውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ሸክላ ወይም ብረት አለ፤ ላዩ በፓላዲየም ወይም በፕላቲነም በስሱ ተቀብቷል። ጭስ በተራ ምድጃ ውስጥ ተቃጥሎ እንዲያልቅ ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል፤ በእነዚያ ቀዳዳዎች ሲያልፍ ግን 260 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቃጠላል። እንጨት ይቆጠባል፣ ጭስ ይቀንሳል። ነገር ግን ያ የተበሳሳ ክፍል ዕድሜ አለው። ብረቱ አባትና ልጅ ቢያገለግል፣ እሱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይደክማል፤ መቀየሪያው ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ስለዚህ እዚያ ያገለገለ ምድጃ የሚገዛ ነገር የገባው ሰው የብረቱን ውበት አይቶ አይከፍልም፤ "ውስጡን ክፈትልኝ" ይላል። ምጣድ ስትገዙም ነገሩ ያው ነው።

መጀመሪያ አከራያችሁን ጠይቁ

ይህን ሳያደርጉ ምጣድ የገዙ ብዙ ናቸው። ምጣዱ ተገዝቶ፣ በባጃጅ መጥቶ፣ በር ላይ "እኔ ቤት ምጣድ አይሰካም" ይባላል። አከራይ ይህን የሚለው ሁልጊዜ በክፋት አይደለም።

አብዛኛው የቤት ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል፤ 4 የሚደርስም አለ። ለማነፃፀር፣ አንድ 10 ዋት የኤልኢዲ አምፖል ብትወስዱ ምጣዱ 350 አምፖል ባንድ ጊዜ እንደማብራት ነው። በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ይሆናል። ለመብራት ተብሎ በተዘረጋ 1.5 ሚሊሜትር ሽቦ ላይ ይህን መጫን ግድግዳ ውስጥ እሳት መቅበር ነው። ለምጣድ ከቆጣሪው ሰሌዳ ለብቻው የተሳበ መስመር፣ 4 ሚሊሜትር ሽቦ እና የራሱ ብሬከር ያስፈልጋል። ዲቫይደር ላይ ደግሞ በጭራሽ አይሰካም። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ዲቫይደር ከ10 አምፔር በላይ አይችልም፤ መጀመሪያ ይሞቃል፣ ከዚያ ይሸታል፣ ከዚያ ይቀልጣል።

ሁለተኛው ነገር ቆጣሪ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ማሞቂያውን ጨምሮ በያንዳንዱ ቀን አንድ ሰዓት ከሃያ ብትጋግሩ በወር 40 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ትጠቀማላችሁ። ለብቻ ቆጣሪ ላለው ሰው ይህ አያስፈራም። ግን የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የኪሎዋቱ ዋጋም ደረጃ በደረጃ የሚወጣ ነው፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ ታሪፉ ራሱ በየሦስት ወሩ እያደገ እንዲሄድ ተደርጓል። አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀምበት ግቢ ውስጥ የአንዱ ምጣድ የሁሉንም ሂሳብ ከፍ ያደርጋል። ጠቡም ከዚህ ይነሳል። ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ሁለት ነገር ተስማሙ፤ ምጣድ ይፈቀዳል ወይ፣ የእኔ ድርሻ እንዴት ይሰላል።

ከማን ይገዛል?

ምርጡ ሻጭ ከተማ የሚለቅ ሰው ነው። ድሬ ሰው የሚመጣባትና የሚሄድባት ከተማ ናት። ሥራ ተዘዋውሮ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ጅቡቲ የሚሄድ ቤተሰብ ዕቃውን የሚሸጠው ስለተበላሸ ሳይሆን ስለማይሸከመው ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ በቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይወጣል፣ በደላላም ይገኛል፣ ከሁሉ በላይ ግን በሰፈር ወሬ ይሰማል። ቤቱ ሄዳችሁ፣ ምጣዱ እዚያው እየሠራ ብታዩት ደግሞ የበለጠ ነው። መንገድ ዳር ተገልብጦ የተቀመጠና "ቤት ወስደህ ሞክረው" የሚባል ምጣድ ግን ምንም ቢረክስ ይለፋችሁ።

"ይሠራል?" ብላችሁ አትጠይቁ። "አዎ" ከማለት ሌላ መልስ የለውም። ይልቅ "ሽቦው ለመጨረሻ ጊዜ የተቀየረው መቼ ነው?" በሉ። ይህን ጥያቄ የሰማ ሻጭ የምታውቁት ነገር እንዳለ ይገባዋል። ቀጥሎ "ለቤት ነው ወይስ እንጀራ ይሸጥበት ነበር?" በሉ። እንጀራ ለገበያ የሚጋገርበት ምጣድ በየቀኑ ለሰዓታት ይበራል፤ የአንድ ዓመት ዕድሜው የቤት ምጣድ ብዙ ዓመት ሊሆን ይችላል። (ከሌላ ከተማ ለመጣችሁ፦ ሻጯ በእናታችሁ ዕድሜ ብትሆንም "አንቺ" ብትሏት አትቀየምም። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ቦታ የለውም፤ "እርስዎ" እያላችሁ ስትከራከሩ እንግዳ መሆናችሁ ይታወቅና ዋጋው ይጨምራል።)

ፍተሻው

አንድ ሊትር ሊጥ በሃይላንድ ይዛችሁ ሂዱ። እየቀለድን አይደለም። ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የለም፤ ግን እሱ የመጨረሻው ነው።

መጀመሪያ ሳይሰካ። ክዳኑን አንስታችሁ ሸክላውን በብርሃን አጋድማችሁ እዩ። ከላይ ብቻ ያለ ፀጉር የመሰለ ጭረት ብዙ ምጣድ ላይ አለ፣ አይገድልም። ከጠርዝ ተነስቶ ወደ መሃል የሚሄድ፣ ጥፍር የሚይዝ ስንጥቅ ግን ዘይትና ውሃ ወደ ሽቦው የሚያሳልፍ በር ነው። በጣት አንጓ ቀስ ብላችሁ አንኳኩት። ጤነኛ ሸክላ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀው እንደ ካርቶን ያፍናል። ገበያ ላይ እናቶች ጀበና ሲገዙ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ከዚያ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ወይም እንጨት ላዩ ላይ አጋድሙ። መሃሉ የሰመጠ ከሆነ ሊጡ ወደዚያ ይሰበሰባል። እግሩ የተንጋደደ ምጣድ በካርቶን ቁራጭ ይስተካከላል፤ ሸክላው ራሱ የጎበጠ ግን መድኃኒት የለውም።

አሁን ገልብጡት። ከሥር ያለው ቆርቆሮ በብሎን የታሰረ ከሆነ ሻጩን አስፈቅዳችሁ አስከፍቱት። ከሸክላው ሥር እንደ ቀንድ አውጣ የዞረ ቦይ አለ፤ የተጠቀለለው ሽቦ በዚያ ቦይ ውስጥ ይተኛል። ሽቦው ከብዙ ሙቀት በኋላ ይሳሳል፣ ይሰባበራል። እዚህ ጋ ነው የጥገና ታሪክ የሚነበበው። ሽቦ ሲበጠስ ትክክለኛው ነገር ሙሉውን መቀየር ነው። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ግን ሁለቱን ጫፍ ስቦ መጠምዘዝ ነው። ቋጠሮ አንድ ካያችሁ ዋጋ ቀንሱ። ሦስት ካያችሁ ወደ ቤት ሂዱ።

ቋጠሮ ለምን ይህን ያህል ይከብዳል? ሽቦ ተቆርጦ በተቀጠለ ቁጥር ያጥራል፤ ሲያጥር ደግሞ የሚስበው ኤሌክትሪክ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። መልቲሜትር ያለው ጓደኛ ካላችሁ በሁለት ደቂቃ ታውቁታላችሁ። ምጣዱ ሳይሰካ፣ ማብሪያው በከፍተኛው ላይ ሆኖ፣ በስፒናው ሁለት እግሮች መካከል ይለካ። ለ3.5 ኪሎዋት ምጣድ 14 ኦም አካባቢ መውጣት አለበት። ከ12 እስከ 16 ድረስ ሰላም ነው። ከ10 በታች ካሳየ ከ22 አምፔር በላይ ሊስብ ነው ማለት ነው፤ ብሬከር ይጥላል፣ እንጀራ ያሳርራል፣ እንደገናም ይበጠሳል። ከ20 በላይ ከሆነ ደግሞ ደካማ ነው፤ ከፊሉ ሽቦ አይሠራ ይሆናል።

በዚያው መሣሪያ ሌላ አንድ ነገር ለኩ፤ በስፒናው እግር እና በምጣዱ ቆርቆሮ መካከል። ምንም ንባብ መኖር የለበትም። ካለ ኤሌክትሪኩ ወደ ቆርቆሮው ያመልጣል ማለት ነው። ይህን ነገር ቀለል አታድርጉት። ምጣድ የሚጋግር ሰው እጁ በሊጥ እርጥብ ነው፣ ብዙ ጊዜ ወለሉም እርጥብ ነው፣ ነጠላ ጫማ እንኳ ላያደርግ ይችላል። "ትንሽ ትነዝራለች ግን ትሠራለች" የሚባል ምጣድ ሰው ገዳይ ነው። ብዙ ጊዜ ሳይበራ እርጥበት ቦታ የተቀመጠ ሸክላ እስኪደርቅ ድረስ ሊያሳልፍ ይችላል፤ ሻጩ ይህን ካለ ራሱ አድርቆ ያሳያችሁ፣ እናንተ ቤት አይደለም። ግራውንዱ (አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ) ቆርቆሮው ላይ መታሰሩንም እዩ። ብዙ ምጣድ ላይ ተቆርጦ ተጥሏል።

አሁን ይሰካ። ሰዓት ያዙ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ለመጋገር መድረስ አለበት። ግማሽ ሰዓት አልፎ ሊጡ ላይ ዓይን ካላወጣ ወይ ሽቦው ደክሟል ወይ መብራቱ ደክሟል። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል፤ ኃይል ከቮልቴጅ ጋር እኩል አይወርድም፣ ከዚያ በላይ ነው የሚወርደው። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ የምጣዱ ሙቀት በሲሶ ይቀንሳል፤ 3.5 የነበረው 2.3 ኪሎዋት ይሆናል። ስለዚህ ሁሉም ሰው በሚያበስልበት የምሽት ሰዓት ምጣድ ፈትሾ "ሞቷል" ማለት ስህተት ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው እኩለ ቀን ላይ ሻጭ ቤት ግሩም የነበረ ምጣድ ማታ እናንተ ሰፈር ሊለግም ይችላል። መልቲሜትሩን ሶኬቱ ላይ ካደረጋችሁ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይታወቃል። ይህን ልኬታ ግን ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ይሥራው።

እየሞቀ ሳለ አሽትቱ። የዘይት ሽታ ልማድ ነው፤ የፕላስቲክ ሽታ ግን ገመዱ ወይም ማብሪያው እየተቃጠለ ነው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ነቅላችሁ ስፒናውን ንኩት። ሞቅ ቢል ግድ የለም፤ ካቃጠለ መቀየር አለበት፣ ወጪው ደግሞ ከዋጋው ላይ ይቀነሳል።

ከዚያ ሊጡ። ሦስት እንጀራ ጋግሩ፤ አንድ አይበቃም፣ የመጀመሪያዋ ሁልጊዜ ለምጣዱ ናት። ሁለተኛዋን ገልብጣችሁ ጀርባዋን እዩ። ጀርባዋ የምጣዱ ራጅ ነው። በአንድ በኩል ጠቁራ በሌላ በኩል ነጭ ከሆነች ሽቦው እኩል አይሞቅም። ጠርዙ ብቻ ጥሬ ከሆነ ብዙ ጊዜ የክዳን አለመግጠም ነው፣ ይህ ይቻላል። መሃሏ ላይ ክብ ጥሬ ቦታ ካለ ግን እዚያ ያለው ሽቦ አልቆለታል። ሦስተኛዋ ስትጋገር ከሁለተኛዋ እኩል ጊዜ ካልወሰደች፣ ማለትም ምጣዱ ሙቀቱን መልሶ መያዝ ካቃተው፣ ሃያ እንጀራ ለሚጋግር ቤት አይሆንም።

ስንት ይከፈላል?

የብር ቁጥር እዚህ ብንጽፍ በሚቀጥለው ወር ውሸት ይሆናል። ስሌቱ ግን አይለወጥም። ታይዋን ወይም አሸዋ ገብታችሁ የአዲሱን ዋጋ ጠይቁ። ሰፈራችሁ ያለ የምጣድ ጠጋኝ ጋ ሂዱና ሽቦ ከነሥራው ስንት እንደሚቀየር ጠይቁ። ለስሌት እንዲመቸን አዲሱ 100 ብር ነው እንበል (ሕልም ነው)፣ ሽቦ መቀየር ደግሞ 20። ሽቦው በቅርብ የተቀየረና ሸክላው ጤነኛ የሆነ ምጣድ እስከ 60 ያወጣል። ሽቦው መቼ እንደተቀየረ የማይታወቅ ከሆነ ነገ እንደሚበጠስ አስባችሁ 40። ሸክላው የተሰነጠቀ ከሆነ የምትገዙት ክዳንና ቆርቆሮ ነው፤ የቆራሌ ዋጋ ስጡት። ይህ የእኛ ሚዛን ነው፣ ሕግ አይደለም። ግን ከአዲሱ ሁለት ሦስተኛ በላይ ከፍሎ ያገለገለ መግዛት በምንም ስሌት አያዋጣም፤ ትንሽ ጠብቆ አዲስ መግዛት ይሻላል።

ምጣድ ለማይችል ኪስ

ብቻውን የሚኖር ሰው ብዙ ጊዜ የሚገዛው ክብ ሸክላ ላይ ሽቦው ገላጣውን የተጠቀለለበትን ርካሽ ስቶቭ ነው። ያገለገለውን ደግሞ ትምህርት ጨርሶ ከሚሄድ ተማሪ በሻይ ዋጋ ያገኘዋል። እውነቱን ለመናገር ይህን ዕቃ አንወደውም። ሽቦው ገላጣ ስለሆነ የብረት ድስት በሽቦው ላይ ሲቀመጥ፣ ወይም ወጡ ገንፍሎ ሲፈስ፣ ማንኪያ የያዘው እጅ ኤሌክትሪኩን ያገኘዋል። መግዛታችሁ ካልቀረ ሽቦው ከቦዩ ወጥቶ ያልቆመ መሆኑን እዩ፣ ድስት ስታነሱና ስታማስሉ ንቀሉት። ሽቦው በብረት የተሸፈነውን ዓይነት ማግኘት ከቻላችሁ ትንሽ ጨምራችሁ እሱን ውሰዱ።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከሰል አለ። በድሬ ሙቀት የቦካ ሊጥ "ነገ መብራት ሲመጣ" ብሎ አይጠብቅም፤ ይኮመጥጣል። ስለዚህ ምጣድ ያለው ቤትም ተጠባባቂ ይፈልጋል። ለወጥና ለቡና ላቀች የሚባለው የከሰል ምድጃ አለ፤ ከኬንያው ባለ ሸክላ ጂኮ ሐሳቡ ተወስዶ በ1980ዎቹ እኛ አገር የተሠራ ነው። ቆርቆሮ ውስጥ የተገጠመው ሸክላ ሙቀቱን ስለሚይዝ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። ያገለገለ ላቀች ግን አትግዙ። የሚቆጥበው ሸክላው ነው፣ ቶሎ የሚሰነጠቀውም እሱው ነው፤ አዲሱም ቢሆን ከምጣድ ጋር ሲወዳደር ዋጋው ትንሽ ነው። ግቢ ላላችሁና በእንጨት ለምትጋግሩ ምርጥ የሚባለው የሲሚንቶ ምድጃ በተቃራኒው ያገለገለም ቢሆን ጥሩ ነው። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነፃፀር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቆጥባል፣ በጭሱ መውጫ ላይ ደግሞ ድስት ይጣዳል። ክፍሎቹ ሳይሰበሩ ከመጡ መገጣጠሚያው በጭቃ ይለሰናል፣ አለቀ። ሲፈታ ቁማችሁ ጠብቁ እንጂ፤ የሚሰበረው እዚያ ነው።

ከሰል ጭስ የለውም ማለት መርዝ የለውም ማለት አይደለም። ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣዋል። ቀን ቀን በሙቀቱ ምክንያት ሁላችንም ውጪ ነው የምናበስለው፤ ዝናብ ሲመጣ ወይም ማታ ግን ምድጃው ወደ ክፍል ይገባል፣ በሩ ይዘጋል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመራችሁ ወዲያው ውጡ፤ ከሰሉ "ፍም ሆኗል፣ አይጎዳም" የሚባለውን አትስሙ። የጋመው ፍምም ይህንኑ ጋዝ ያወጣል።

ወደ ቤት ሲሄድ

ፍተሻውን ሁሉ ያለፈ ምጣድ በባጃጅ ጉዞ ኮብልስቶን ላይ የሚሰነጠቅበት ጊዜ ብዙ ነው። መጀመሪያ ይቀዝቅዝ፤ የጋለ ሸክላ ንፋስም ውሃም አይወድም። ሸክላው ከቆርቆሮው የሚላቀቅ ከሆነ ለብቻው በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ጭናችሁ ላይ አስቀምጡት። የማይላቀቅ ከሆነ ከሥሩ ፍራሽ ወይም የታጠፈ ጆንያ ይነጠፍ፣ ክዳኑም ሸክላው ላይ እንዳይንቀጠቀጥ መሃላቸው ጨርቅ ይግባ። ለባለ ባጃጁ ሃያ ብር ጨምራችሁ ቀስ ብሎ እንዲነዳ ንገሩት።

ቤት እንደደረሰ በዚያው ቀን አትጋግሩ። ባዶውን ለአሥር ደቂቃ አብሩት፣ አጥፉት፣ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ በማሰሻ ጎመን ዘር ቀቡትና እንደገና አሙቁት። የሌላ ሰው ቤት ቅባት ይወጣል፣ በመንገድ የገባ እርጥበትም ይደርቃል። በማግሥቱ ሊጡን አምጡ።